ከአባቴ ጋር ወደ ሌዜዚ፦ ያለ መኪና፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው የቱ ዋሻ ይሻላል?

የድሬ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። አባቴ ከድሬዳዋ መጥተው ፓሪስ እኔ ዘንድ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የታሪክ መምህር ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሉቭርንም ኖትርዳምንም አይተናል። እሳቸው ግን ከመጡ ጀምሮ የሚያነሱት አንድ ስም ነው፤ ላስኮ። ስለ ድንጋይ ዘመን ሲያስተምሩ የዚያን ዋሻ ኮርማ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሳሉ ነበር የሚያሳዩት። አገሩ ድረስ መጥተው ሳያዩት እንዲመለሱ አልፈልግም።

ካርታ ሳይ ሌዜዚ የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር አገኘሁ፤ ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ዶርዶኝ ውስጥ፣ ቬዜር ወንዝ ዳር። ዋሻውም ሙዚየሙም እሷ ዙሪያ የተሰበሰበ ይመስላል፤ ባቡርም ይቆምባታል። እኔ መኪና የለኝም። አባቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሜዳ ላይ ደህና ይራመዳሉ፣ ዳገትና ደረጃ ነው የሚያስቸግራቸው። የዘጠኝ ዓመት ልጄም አብራን ትሄዳለች። በመስከረም አጋማሽ ከሐሙስ እስከ እሑድ ለመሄድ አስበናል። የት እንደር? የቱን ዋሻ እናስቀድም? የቱንስ እንተወው? የሄዳችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ዘርዘር አድርጉልኝ።

ሰናይት ቦርዶ፦

እንኳን አባትህ በሰላም መጡልህ። እኛ ከቦርዶ ስለሚቀርበን እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደዚያ ሸለቆ እንወስዳለን።

ማደሪያችሁን ሌዜዚ ራሷ ላይ ያዙ። ከፓሪስ ሞንፓርናስ እስከ ቦርዶ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ከትንሽ ነው። ከዚያ ፔሪጉ፤ ከፔሪጉ በአዣን መስመር የምትሄደዋን ትንሽ ባቡር ትይዛላችሁ፤ ይህ የመጨረሻው ጉዞ አንድ ሰዓት አይሞላም። ግን በዚያ መስመር በቀን የሚያልፈው ባቡር ጥቂት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከፔሪጉ ሌዜዚ ያለውን ሰዓት ተመልከትና የፓሪሱን ቲኬት በዚያ ልክ ቁረጥ። ተገላቢጦሽ ያደረገ ሰው ፔሪጉ ጣቢያ ሲቀመጥ ይውላል።

መንደሯ በአንድ ዋና መንገድ ላይ የተዘረጋች ናት። ከላይ ትልቅ የኖራ ድንጋይ ገደል ወደ ውጭ ጎብጦ ይሸፍናታል፤ አንዳንዶቹ ቤቶች የኋላ ግድግዳቸው ገደሉ ራሱ ነው። ብሔራዊ የቅድመ ታሪክ ሙዚየሙ እዚያው ገደሉ ሥር ነው፤ ሰገነቱ ላይ ፖል ዳርዴ የቀረጸው፣ በ1931 የተመረቀው የጥንት ሰው ሐውልት ቆሟል። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያው ነፃ ነው። «ክሮ-ማኞን» የሚባለው፣ የአውሮፓ የጥንት ሰዎች መጠሪያ የሆነው፣ አባትህ በእርግጠኝነት ያስተማሩት ስም፣ የዚህችው መንደር ዓለት ስም ነው። በ1868 ሠራተኞች ለባቡር መንገዱ ሥራ አፈር ሲቆርጡ አጽሞቹን አገኙ፤ ሊቁ ሉዊ ላርቴ መጥቶ ቆፈረና አጠናው። ከጣቢያው በእግር ይደረሳል።

ከዋሻ ግን እኔን ብትጠይቀኝ ፎን ደ ጎም ነው። ከመንደሩ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በሳርላ መንገድ ነው ያለው። የምታየው ቅጂ አይደለም። ሰው በእጁ የቀባው ቀለም፣ ከ14,000 ዓመት በላይ የሆነው፣ ክንድህን ብትዘረጋ የምትነካው ያህል ቅርብ ነው። ባለብዙ ቀለም ሥዕል ካላቸው የፈረንሳይ ዋሻዎች ውስጥ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረ ሌላ የለም ማለት ይቻላል። የዱር ጎሾቹ ትከሻ ላይ ሠዓሊው የዓለቱን እብጠት ተጠቅሞበታል፤ አስጎብኚዋ መብራቱን ከጎን ስታዞረው ሥጋው የተነሣ ይመስላል። አንድ ቦታ ላይ አንዲት አጋዘን ተንበርክካ፣ ወንዱ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ይልሳል። አባትህን እዚያ ፊት አቁማቸው።

ገስጋሽ፦

ሰናይት ያለችው ሁሉ ልክ ነው፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ሰውየው የጠየቁት ላስኮን ነው! ዕድሜ ልካቸውን ላስኮን ያስተማሩ መምህር ሌላ ዋሻ አሳይቶ መመለስ ተገቢ አይመስለኝም።

በዚያ ላይ የፎን ደ ጎም በር ከቲኬት መቁረጫው በላይ ነው፤ ወደ አራት መቶ ሜትር የሚሆን ዳገት አለው። ለሚያም ጉልበት ቀላል አይደለም። ሞንቲኛክ ያለው ላስኮ አራት፣ የዋሻው ሙሉ ቅጂ፣ ግን ታኅሣሥ 2016 የተከፈተ አዲስ ሕንፃ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣ ሰው እንኳ የተመቸ ነው። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ግድግዳው የዋሻውን ጉድጓድና ጉብታ ሁሉ ይዟል። የኮርማዎቹ አዳራሽ ውስጥ ትልቁ ኮርማ ከ5 ሜትር በላይ ነው። ያን ያህል ግዙፍ ነገር ራስህ በላይ ሲዘረጋ ቅጂ መሆኑን አታስበውም። አባታችን በጠመኔ የሳሉት እሱን ነው።

ቁፋሮ ተማሪ፦

ቱሉዝ የምማረው አርኪዮሎጂ ነው፤ በዚህ ክርክር ውስጥ ልግባ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ላስኮን መስከረም 12 ቀን 1940 አራት ልጆች ናቸው የገቡበት፤ ማርሴል ራቪዳ፣ ዣክ ማርሳል፣ ዦርዥ አኜል እና ሲሞን ኮንካስ። ፈረንሳይ በጀርመን ከተሸነፈች ገና ሦስት ወር አልሞላም። ኮንካስ የአይሁድ ቤተሰብ ልጅ ነበር፤ ወላጆቹ በኋላ አውሽዊትዝ ተገደሉ። ዋሻው በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ፤ ራቪዳና ማርሳልም እዚያው አስጎብኚ ሆኑ። በ1950ዎቹ በቀን ከሺህ በላይ ሰው ይገባ ጀመር። የሰው ትንፋሽ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ መብራቱም ሲጨመርበት ግድግዳው ላይ አረንጓዴ አልጌ በቀለ፣ ነጭ የካልሳይት ሽፋንም መጣ። በ1963 አንድሬ ማልሮ የባህል ሚኒስትር ሳለ ዘጋው። እስከ ዛሬ ዝግ ነው። በ1983 ላስኮ ሁለት የሚባለው የመጀመሪያው ትልቅ ቅጂ የተከፈተውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ቅጂውን የሚንቅ ሰው ይህን ቢያስብ ጥሩ ነው፤ ቅጂው የተሠራው ዋናው እንዳይሞት ነው። ገስጋሽ ስለ ላስኮ አራት የጻፈውን እኔም እመሰክራለሁ። ቢሆንም በቅጂና በዋናው መካከል ያለው ልዩነት እዚያ ቆሞ የሚሰማ ነው፤ ሁለቱንም ለማየት ሞክሩ። አንድ ነገር ደግሞ ለመምህሩ ንገርልኝ፤ ላስኮን የሳሉት ሰዎች ዋና ምግባቸው ሬንዲር የሚባለው የቀዝቃዛ አገር አጋዘን እንደነበር ከተገኘው አጥንት ይታወቃል፤ በሥዕሉ መካከል ግን ሬንዲር የተገኘው አንድ ብቻ ነው። የሳሉት የሚበሉትን አልነበረም። እኔ በግሌ ከዚህ በላይ የሚያስደንቀኝ የለም።

አሁን ለድሬ ሰው የሚሆን ወሬ። ፎን ደ ጎምንና ኮምባሬል የሚባለውን ሌላ ዋሻ በመስከረም 1901፣ በቀናት ልዩነት፣ ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የሌዜዚው የትምህርት ቤት መምህር ዴኒ ፔይሮኒ፣ ሐኪሙ ሉዊ ካፒታን እና ወጣቱ ቄስ አንሪ ብሩይ። ሥዕሎቹን በወረቀት የገለበጠው ብሩይ ነው። ይኸው ብሩይ በ1933 ወደ አገራችን መጥቶ ድሬዳዋ አጠገብ ባለው ፖርኬፒክ ዋሻ ቆፍሯል፤ በሐረር አካባቢ ያሉትን የዋሻ ሥዕሎችም አጥንቶ በ1934 አሳትሟል። በ1940 ላስኮ ሲገኝ ደግሞ ከጦርነቱ ሸሽቶ እዚያው አቅራቢያ ስለነበር በጥቂት ቀን ውስጥ ገብቶ አየውና እውነተኛነቱን አረጋገጠ። አባትህ የሚያዩት ግድግዳ ፊት የቆመ ሰው እሳቸው ከተማ ዳር ያለውን ዋሻም ያውቀው ነበር ማለት ነው።

የድሬ ልጅ፦

ወንድሜ፣ የመጨረሻውን አንቀጽ ለአባቴ አነበብኩላቸው። ብሩይን በስም ያውቁታል፤ ፖርኬፒክንም ተማሪ ይዘው ወጥተውበታል። ሌዜዚ ላይ አንድ የገጠር መምህር ከሦስቱ አንዱ መሆኑን ግን አሁን ነው የሰሙት፤ «ፔይሮኒ የት ነው ያስተማረው?» እያሉ ነው። ሙዚየሙንም እሱ ነው ያቋቋመው የሚል አንድ ቦታ አየሁ፤ እውነት ነው?

ሌላ ጥያቄ፦ አባቴ ረቡዕና ዓርብን ይጾማሉ። ፔሪጎር (ይህ የዶርዶኝ አካባቢ) ደግሞ የዳክዬና የዝይ አገር ነው ይባላል። ምን ይበላሉ? ልጄስ ከዋሻ ሌላ የምትደሰትበት ይኖራል?

ቁፋሮ ተማሪ፦

አዎ፣ እውነት ነው። ሙዚየሙን ገደሉ ላይ ባለው አሮጌ ቤተ መንግሥት ያቋቋመው ፔይሮኒ ነው፤ ቤተ መንግሥቱን በ1913 መንግሥት የገዛው በእሱ ጥረት ነው። አዲሱ ሕንፃ በ2004 ተጨመረ። ከፎቅ ስትወጡ የድሮውንም ታያላችሁ።

የፔሪጉዋ እማማ፦

ልጆቼ፣ እኔ ፔሪጉ ከመጣሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ልጆቼን እዚሁ ነው ያሳደግኩት። የጾሙን ነገር ለእኔ ተዉት።

የዚህ አገር ምግብ ቤት ሁሉ ዳክዬ ነው። ድንቹ ሳይቀር፣ «የሳርላ ድንች» የሚሉት፣ በዳክዬ ስብ ነው የሚጠበሰው፤ አባትህ ዓርብ ዕለት «ድንች ነው» ተብለው እንዳይበሉ። ሰላጣውን ግን በለውዝ ዘይት አድርገው ያቀርባሉ፤ ለውዝ ስላችሁ የእኛ አገሩ ኦቾሎኒ አይደለም፣ የዚህ አገር ዛፍ ፍሬ ነው፣ በመስከረም መጨረሻ ከየዛፉ ሥር ይለቀማል። እንጉዳይም አለ። ማብሰያ ያለው ማረፊያ ከያዛችሁ ከሁሉ ይሻላል፤ ሽሮ ይዛችሁ ኑ። ቅዳሜ ጠዋት ሳርላ ትልቅ ገበያ ይውላል፤ ከሌዜዚ በመኪና ሃያ ኪሎ ሜትር ነው። በባቡር ግን ለ ቡይሶን ላይ መቀየር ስላለባችሁ ጠዋቱ መንገድ ላይ ያልፋል። ከተማው የድሮ ከተሞችን ከሚጠብቀው ከ1962ቱ የማልሮ ሕግ በኋላ በጥንቃቄ ታድሶ የቆየ ነው፤ የድንጋይ ጣሪያውን ልጅቷ ትወደዋለች።

አሁን ደግሞ ሁላችሁም የረሳችሁትን ልንገራችሁ፤ ሩፊኛክ! ለሚያም ጉልበት ከሩፊኛክ የተሻለ እውነተኛ ዋሻ የለም። በትንሽ የኤሌክትሪክ ባቡር ተቀምጠህ ነው ወደ ተራራው ሆድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል የምትገባው። መንገድ ላይ አስጎብኚው ያቆምና ድቦች ክረምቱን የተኙበትን ጉድጓድ፣ ግድግዳው ላይ በጥፍራቸው የቧጠጡትን ያሳያል። ከዚያ ማሞቶቹ፣ ዛሬ የጠፉት ባለ ጸጉር ዝሆኖች፣ ይጀምራሉ፤ ከ150 በላይ ናቸው። መጨረሻ ላይ ከባቡሩ ትወርዱና ጣሪያው በሙሉ በጥቁር መስመር የተሳለ ፈረስ፣ ማሞት፣ የተራራ ፍየል፣ አውራሪስ ነው። የኔ የልጅ ልጅ ከዚያ ከወጣ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ማሞት ሲሥል ከረመ።

ከሌዜዚ ታክሲ ያስፈልጋል። አስቀድማችሁ ለምታድሩበት ቤት ንገሩ፤ ታክሲ መንገድ ላይ ቆሞ አይገኝም። ዋሻው ያለበት መንደርም ታሪክ አለው። መጋቢት 31 ቀን 1944 የጀርመን ወታደሮች ሩፊኛክን አቃጠሉት፤ ቤተ ክርስቲያኑና አጠገቡ ያሉ ጥቂት ቤቶች ብቻ ተረፉ። የተቀሩት ቤቶች ሁሉ አዲስ የሚመስሉት ለዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያለውን ቅርጽ ሳታዩ አትለፉ።

ቺካጎ ነዋሪ፦

እኔ ፈረንሳይ ሄጄ አላውቅም፤ ግን ከሌዜዚ አጠገብ የመጣች አንዲት ሴት በቅርብ አውቃለሁ። ካፕ ብላን የሚባል፣ ግድግዳው ላይ ፈረሶች በጉልህ የተፈለፈሉበት መጠለያ አለ። በ1911 ከቅርጹ ፊት የተቀበረች ወጣት ሴት አጽም ተገኘ። አጽሙን በ1926 የኛ ከተማ ፊልድ ሙዚየም ገዛው፤ እስከ ዛሬ እዚህ ነው። ልጆቼን ይዤ በሄድኩ ቁጥር እሷ ጋ እቆማለሁ። እናንተ ፈረሶቹን ካያችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ የአንዱ ፈረስ ርዝመት ወደ ሁለት ሜትር ይሆናል ይላሉ።

ሰናይት ቦርዶ፦

የቺካጎው፣ እኔ አይቻቸዋለሁ። ፈረሶቹ በቢላ የተጫሩ አይደሉም፤ ዓለቱ በድንጋይ መዶሻ ተፈልፍሎ ሆዳቸውና አንገታቸው ወጥቷል። መብራቱ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ የሚራመዱ ይመስላሉ። አጽሟ በነበረበት ቦታ አሁን ያለው ቅጂ ነው። ዋናዋ ወደ ቦታዋ ብትመለስ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል።

እማማ፣ ሩፊኛክን ስላነሡልን እግዜር ይስጥልን። ለአባባ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው፤ እኔም ሐሳቤን በዚህ አስተካክላለሁ፦ መጀመሪያ ሩፊኛክ፣ ቀጥሎ ጉልበታቸው ከፈቀደ ፎን ደ ጎም በዝግታ። መንገዱ ላይ ጥላ አለ፤ ከተቀጠሩበት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድመው ቢነሡ እየቆሙ መውጣት ይችላሉ። ኮምባሬል ዳገት የለውም፤ ግን ጠባብና ረጅም ኮሪደር ነው፣ ሥዕሉም የተጫረ ስለሆነ ዓይን ይፈልጋል።

ገስጋሽ፦

ሁላችንም ዋሻ ዋሻ እያልን ወንዙን ረሳነው። ያ ሸለቆ ከላይም ማየት ያስፈልጋል። በ1979 ዩኔስኮ የመዘገበው አሥራ አምስት ቦታ በአንድ ላይ ነው፤ አብዛኞቹም ከቬዜር ብዙ አይርቁም።

ሮክ ሳን-ክሪስቶፍ የሚባለው ገደል አንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ ሰማንያ ሜትር ከፍታ አለው። ውኃና ውርጭ በአግድም ቦርቡሮት አምስት ደርብ ሠርቷል። ሰዎች በመካከለኛው ዘመን መንደር መሥርተውበት ኖረዋል፤ በ1588 በሃይማኖት ጦርነቱ ጊዜ ፈረሰ። ግንዱ የገባበት ጉድጓድ፣ ከብት የታሰረበት ቀለበት፣ የውኃ ቦይ ሁሉ ዓለቱ ላይ ቀርቷል። ላሊበላን ያየ ሰው ድንጋይ እየፈለፈሉ መኖር ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ስለሚያውቅ እዚያ ቶሎ አይጠግብም። ነገር ግን ደረጃው ብዙ ነው። ለአባታችን አልመክረውም። አንተና ልጅህ ውጡ፤ እሳቸው ከታች ወንዙ ዳር ሆነው ገደሉን በሙሉ ያዩታል፣ እንዲያውም ሙሉ መልኩ የሚታየው ከታች ነው።

ሳን-ሌዮን-ሱር-ቬዜር ግን ለሁሉም የሚሆን ነው። ሜዳ ነው፤ ወንዙ ጫፍ ላይ ጣሪያው በጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደነ የጥንት ሮማኔስክ ቤተ ክርስቲያን አለ። አግዳሚ ወንበር አለ፣ ዛፍ አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ምንም ሳታደርጉ ተቀመጡበት። ከዚያ ሰፈር ታንኳ ይከራያል፤ ከገደሎቹ ሥር እየተንሳፈፉ ወደ ሌዜዚ አቅጣጫ መውረድ ይቻላል። በመስከረም ውኃው ዝግ ያለ ነው። ልጅህ መዋኘት ካልቻለች ግን አያሳፍሯትም።

ኮማርክንም በአንድ ቃል፦ በን በምትባል ትንሽ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ፣ ጫካ መሀል፣ ፍርስራሽ ቤተ መንግሥት ነው። ከመኪና ማቆሚያው በእግር ይገባል። ካፕ ብላን ፊት ለፊቱ ነው። መኪና ያለው ሰው ካገኛችሁ ሁለቱ በአንድ ቀን ይሄዳሉ፤ ካላገኛችሁ ተዉት።

የድሬ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከአባቴ ጋር ተቀምጠን ወሰንን። ሐሙስ ማታ ሌዜዚ እንገባለን። ዓርብ ጠዋት ሙዚየሙንና የክሮ-ማኞንን ዓለት፣ ከሰዓት በኋላ ፎን ደ ጎምን በዝግታ። ቅዳሜ በታክሲ ሩፊኛክ፣ ከዚያው ሞንቲኛክ ላስኮ አራት። ሳርላን ትተነዋል፤ ገበያውን ሌላ ጊዜ። እሑድ ሳን-ሌዮን ወንዙ ዳር እንውላለን። አባቴ «ፎን ደ ጎም ከላስኮ በፊት መሆኑ ጥሩ ነው፤ ዋናውን አይቶ ቅጂውን ማየት ይሻላል» አሉ።

የቀረኝ አንድ ነው፤ የፎን ደ ጎም ቲኬት ለዓርብ ይገኛል? ካልተገኘስ?

ሰናይት ቦርዶ፦

ዛሬውኑ ሞክር፤ ነገ አትበል። በየቀኑ የሚገባው ሰው በጣም የተወሰነ ስለሆነ ቦታው ቀድሞ ያልቃል። ቲኬቱን የሚሸጠው የብሔራዊ ሐውልቶች ማእከል ነው፤ በኦንላይን ቀንና ሰዓት መርጠህ ትይዛለህ። ዓርብ ካልተገኘ ሐሳባችሁን አትቀይሩ፤ ሌላ ቀን ፈልጉ። ፎን ደ ጎም ጨርሶ ከጠፋ ኮምባሬልን ያዙ፤ እሱም የሚሸጠው እዚያው ነው፣ ቡድኑ ደግሞ ከሌላው ሁሉ ያነሰ ነው።

ለሁሉም ዋሻ ሹራብ ያስፈልጋል፤ ውጭ ምንም ቢሞቅ ውስጡ 13 ዲግሪ አካባቢ ነው። ትልቅ ቦርሳ አያስገቡም፣ ፎቶ ማንሣትም ክልክል ነው። ለአባባ ጎማ ያለው ምርኩዝ ይሻላል፤ ይዞ መግባት የሚቻል መሆኑን ግን ቲኬት ስትይዝ ጠይቅላቸው፤ የጠበበው ቦታ ላይ ግድግዳው በጣም ቅርብ ስለሆነ ጠባቂዎቹ ይጠነቀቃሉ።